የእማማ ሱላሚ ወንበር

በእኛ መንደር ፋላኒኮን የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ ፋላኒኮን የማያውቅ መኪና አይገኝም። ወጣትነቱን ኦክላንድ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲፈታና ሲገጥም አሳልፎ፣ እናቱ ስትታመም ሊያስታምም መጣና እዚሁ ቀረ። ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተከደነ መጠለያ አቁሞ ይሠራል። ሲቆም በር የሚሞላ፣ ሲዘምር ድምፁ ከመዘምራኑ ሁሉ የሚወፍር ሰው ነው። እሑድ ጠዋት ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሽርጡን ለብሶ በመጨረሻው ረድፍ ሲቀመጥ፣ አብረውት የሚቀመጡት ለአግዳሚው ያዝናሉ።

ሰው የሚያምነው ግን ስለ ሙያው ብቻ አይደለም። የሰው መኪና እጁ ላይ ከተበላሸ አይደብቅም። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» ይልና ከየትም ብሎ ይተካል። በዚህ የተነሣ ቁልፋቸውን ሰጥተውት የሚሄዱ ሰዎች ዞር ብለው እንኳ አያዩም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይኸው ሰው አንድ ጊዜ ደብቆ ምን እንዳገኘው ልነግራችሁ ነው።

ድካሙ አንድ ነው፤ ዘመድ ፊት ማነስ አይሆንለትም። ከባሕር ማዶ ሀብታም ሆኖ ይመለሳል ሲባል የእናቱን ውሃ ሊቀዳ የተመለሰ ሰው ነውና፣ ቀብር ወይም ሠርግ በመጣ ቁጥር ያ ነገር ያንገበግበዋል። የራሱ መኪና አሮጌ ፒክአፕ ናት። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንደሚባለው፣ የሰውን መኪና እየጠገነ የራሱን በር በገመድ አስሮ ነው የሚነዳው።

ነገሩ የመጣው በመጋቢ አሳፎ መኪና ነው። የመጋቢው ናት ማለት የሁላችን ናት። መንደሩ ለመጋቢው የሚሰጠው ለራሱ ያልቻለውን ነውና፣ ኦክላንድ ያሉ ልጆቻችን አዋጥተው በመርከብ የላኩልን ነጭ መኪና ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ በዘመኗ ግን የጌቶች መኪና ነበረች። ወንበሮቿ ቆዳ ናቸው፤ አዝራር ሲነኳቸው ወደፊት ይሄዳሉ፣ ወደኋላ ይሄዳሉ፣ ይነሣሉ፣ ይጋደማሉ። የመጣች ሰሞን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተራ እየጠበቁ ተቀምጠውባት፣ ሳትንቀሳቀስ በወንበሯ ብቻ ሲንሸራሸሩ ውለዋል።

መጋቢ አሳፎን የስኳር በሽታ መጀመሪያ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ኩላሊታቸውን ነሣቸው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ተራራውን ተሻግረው በደሴታችን ዋና ከተማ በአፒያ ሆስፒታል ደማቸውን ማሳጠብ አለባቸው። የሚነዱት ባለቤታቸው እማማ ሱላሚ ናቸው። እማማ ሱላሚ አጭር ናቸው፤ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት አስጠግተውና ከፍ አድርገው እንኳ ከውጭ የሚታየው ነጭ ባርኔጣቸው ብቻ ነው። ልጆች «ባርኔጣዋ መጣች» እያሉ ከመንገድ ይወጣሉ።

መኪናዋ ለፍሬን ሥራ ፋላኒኮ ዘንድ ገብታ ነበር። ጨርሶ ሊመልሳት ሲል፣ በምሥራቅ በኩል ባለ መንደር የእናቱ እኅት ማረፏ ተሰማ። እናቱን የተካች አክስት ናት፤ ቀብሯ ላይ እጅ አጥሮ አይቆምም። ከቤት ያለውን፣ በእኛ ዘንድ ከገንዘብ በላይ የሚከበረውን ስስ ሰሌን ሁሉ አወጣ። ሚስቱ ቫይቶዋ አንዱን እንኳ እናስቀር ብትለው አልሰማትም። ከሰሌኖቹ ጋር የሚቀርብ አንድ ትልቅ ባልዲ በጨው የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋም ገዛ። ፒክአፗ ያን ዕለት አልነሣ አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ብትነሣም አይወስዳትም ነበር። ነጯ መኪና ታጥባ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ቁልፏ ኪሱ ውስጥ ነው። መጋቢውን ቢጠይቃቸው እንደማይከለክሉት ያውቃል፤ ነገር ግን መጠየቁ ራሱ አሳፈረው። ፍሬኑን ረጅም መንገድ ላይ እሞክረዋለሁ ብሎ ራሱን አታለለ።

ሰሌንና ሥጋ አብረው አይጫኑም። ሽታ የገባበት ሰሌን ለሟች ማቅረብ ስድብ ነው፤ ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። ስለዚህ ሰሌኖቹ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ለብቻቸው ገቡ፤ ባልዲው ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ፋላኒኮ ገብቶ አዝራሩን ተጫነና ወንበሩን ለራሱ በሚመቸው ልክ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፋው። ወንበሩ ባልዲውን ጨመቀው። ክዳኑ በአንድ ጎኑ ብቅ አለ፤ አላየውም። ቫይቶዋ ከጎኑ ተቀምጣ፣ «መጋቢ ፋላኒኮ፣ የዛሬው ስብከት ስለ ምንድነው?» እያለች ታሾፍበታለች።

ከመንገዱ እኩሌታ አንዲት አሳማ ከነግልገሎቿ ፊት ለፊታቸው ገባች። ፍሬኑን ረገጠ። ፍሬኑ፣ ለራሱ ለፋላኒኮ ምስጋና ይግባውና፣ ቀጥ አድርጎ ያዘ። የባልዲው ጨው ውሃ ግን አልቆመም፤ ክዳኑን ገልብጦ ከወንበሩ ስር ገባ።

ፋላኒኮ ከመንገድ ዳር ቧንቧ የጎደለውን በውሃ ሞልቶ ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ለቅሶው ላይ ባልዲው ሙሉ ሆኖ ቀረበ፤ ሰሌኖቹ ተዘርግተው ተመሰገኑ። ዘመዶቹ ነጯን መኪና እየዞሩ አዩ። የእኔ ናት አላለም፤ የእኔ አይደለችምም አላለም።

ከለቅሶው መልስ ወለሉን በሳሙና አጠበ፣ ፀሐይ ላይ አዋለ፣ አበባ የገባበት የኮኮናት ዘይት አርከፈከፈበት። ከዚያ ወንበሩን ወደ እማማ ሱላሚ ቦታ ሊመልስ አዝራሩን ተጫነ። ወንበሩ አቃሰተና ዝም አለ። ደጋግሞ ተጫነ፤ ምንም የለም። ወንበሩ በፋላኒኮ ልክ፣ ፋላኒኮ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ደርቆ ቀረ።

መናገር የነበረበት ያኔ ነው። አፉ ላይ የለመዳት ቃል ነበረች፤ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን እሷን ካለ በኋላ «ሳላስፈቅድ ወስጄያት» ይከተላል፤ ከሱ በኋላ «ዘመድ ፊት ልታይባት» ይከተላል። ባልና ሚስቱ መዝሙር ልምምድ ላይ ሳሉ መኪናዋን ደጃቸው አቁሞ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ሄደ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መጋቢው ስለ ፍሬኑ ጠየቁት። «ፍሬኑ ደህና ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ፍሬኑ ደህና ነበር።

ሰኞ በጠዋት ተጠራ። እማማ ሱላሚ ወንበሩ ላይ ጠልቀው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ከፔዳሉ ርቆ ተንጠልጥሏል። ፊታቸው አንድ ነገር ሰብሮ እንደተያዘ ልጅ ሆኗል።

«ምን አድርጌው ነው?» አሉት። «አንተ ዘንድ እያለ ሠርቷል፤ ይኸው ወደኋላ ሄዶልሃል። በእኔ እጅ ሲሆን ነው እምቢ ያለው።»

ፋላኒኮ ፊውዙን አወጣ፣ አየ፣ መለሰ። ከወንበሩ ስር እጁን ሰድዶ ሽቦ የሚፈትሽ መሰለ። እውነተኛው ሥራ ወንበሩን ፈቶ ምንጣፉን ማንሣት መሆኑን ያውቃል። ምንጣፉ ከተነሣ ግን ሽታው ግቢውን ይሞላዋል፤ የዚያን ሥጋ ሽታ በእኛ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ወደ መጠለያው እንዳይወስዳት ደግሞ ጎረቤቶቹ ከደጁ አይጠፉም። «ዕቃው ከኦክላንድ መምጣት አለበት» አለ። መጋቢ አሳፎ ከጎን ወንበር ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። እሳቸው «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም።

እማማ ሱላሚ ከጀርባቸው ትራስ በትራስ ላይ ደርድረው መንዳት ጀመሩ። ተራራውን ሲወጡ ትራሶቹ ይንሸራተታሉ፤ ሲወርዱ እሳቸው ይንሸራተታሉ። ፋላኒኮ የመኪናዋን ድምፅ በሰማ ቁጥር የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ፣ ደህና እስክትርቅ ይጠብቃል። ማታ መዘምራኑ ሲሰበሰቡ ድምፁ አይወጣም። ጉንፋን ነው አለ። ሰው ሁሉ የጉንፋን ቅጠል አመጣለት፤ ያንንም እያፈረ ጠጣው።

አንድ ሰኞ ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ፊት ትራሱ ከጀርባቸው ሾለከ። እማማ ሱላሚ ወደኋላ ሰመጡ፤ እግራቸው ፍሬኑን ሳተ። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከመንገድ ዳር ካለ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ጋር ተላተመች። ፍጥነቷ ብዙ አልነበረም፤ ልጆቹም «ባርኔጣዋ» ብለው ቀድመው ተበትነዋል። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ከፊተኛው ጎማ ስር የአንዲት ልጅ ነጠላ ጫማ ተገኘ። ጎንበስ ብሎ ያወጣው፣ መኪናዋን ሊያነሣ ተጠርቶ የመጣው ፋላኒኮ ነበር። ልጅቱ በአንድ እግሯ ቆማ ተቀበለችው፤ አመሰገነችውም። ፋላኒኮ ከዚያ በኋላ እህል በአፉ አልዞረም።

መከላከያዋ ብቻ የተጨረመተው መኪና አሁን በግድ ወደሱ መጠለያ ተጎተተች። የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን መጋቢውን ለጊዜው በራሳቸው መኪና ሊያመላልሷቸው ተስማሙ። በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ እማማ ሱላሚ በቅጠል የተጠቀለለ የተጋገረ ጎደሬ ይዘውለት መጡ። ከዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ዙሪያቸውን አዩ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለሰው አልተናገርኩትም» አሉት።

በአንዱ እሑድ ለሽማግሌዎቹ ምሳ ሲያመላልሱ፣ የኮኮናት ወተት የያዘ ሳህን ከወንበሩ ስር ተደፍቶባቸዋል። በጨርቅ ጠራርገው ዝም አሉ። ወንበሩን የገደለው ያ ወተት ነው ይላሉ። የሰው ልጅ ላቡን ያፈሰሰባትን መኪና አበላሽተው፣ ደብቀው፣ ይኸው የድብቁ ዋጋ የልጆች ነፍስ ሊሆን ነበር። ወንበሩ እምቢ ካለ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። ነገ ከሆስፒታል ሲመለሱ የሴቶች ማኅበር ይሰበሰባል፤ ተነሥተው ይናገራሉ፤ የእናታቸውንም ሰሌን ለመንደሩ ካሣ ይሰጣሉ።

ያን ሰሌን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። አያታቸው ጀምረው እናታቸው የጨረሱት ነው፤ እንደ ሐር ይታጠፋል። እማማ ሱላሚ ሲሞቱ ሊጠቀለሉበት ነው ያስቀመጡት።

ፋላኒኮ የኮኮናት ወተት ብረት እንደማይበላ ያውቃል። ሊናገር አፉን ከፈተ። «እማማ፣ እሱ ላይሆን ይችላል» ከማለት ያለፈ ግን አልወጣውም።

«አታጽናናኝ» አሉት። «አንተ በእጅህ የተበላሸውን የማትደብቅ ሰው ነህ። እኔም ይህንን ካንተ ልማር ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጎደሬውን አስቀምጠውለት ሄዱ። ፋላኒኮ ሣጥኑ ላይ፣ እሳቸው በተቀመጡበት ቦታ ተቀመጠ፤ ትልቁ ሰውነቱ ሁሉ አፈረ። ከዚያ ተነሥቶ ባትሪውን ፈታ።

ወንበሩን ወለሉ ላይ የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። የፊቶቹ በቀላሉ ወጡ። የኋላዎቹን ግን ወደኋላ የተገፋው ወንበር ተኝቶባቸዋል፤ ወንበሩ ወደፊት ካልሄደ አይፈቱም፣ እነሱ ካልተፈቱ ደግሞ ወንበሩ ለምን እንደማይሄድ አይታይም። በደረቱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ብብቱ ከስር ሰደደ። ወንበሩን ከሚገፋው ትንሽ ሞተር ወደሚንሸራተትባቸው ሁለት ሐዲዶች የሚሄዱትን ተጣጣፊ ዘንጎች በዳበሳ አግኝቶ ነቀላቸው፤ በነሱ ቦታ የትራፓኖውን ጫፍ ሰክቶ ሊያዞር ሞከረ። አልነቃነቅ አለው። ዝገት ማላቀቂያ ረጨና ጠበቀ፤ እንደገና አዞረ። አንዱን ጎን ጥቂት፣ ሌላውን ጎን ጥቂት፤ አንዱ ብቻ ከቀደመ ወንበሩ ይጣመምና ይነክሳል። ከብዙ ልፋት በኋላ ወንበሩ እየጮኸ በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት ወደፊት መጣለት።

ወንበሩ ሲነሣ ሁሉ ነገር ተገለጠ። ሐዲዶቹ ላይ ጨዉ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። የሞተሯ ሽቦ መጋጠሚያ አረንጓዴ ሆኗል። ምንጣፉ ላይ የባልዲው ቂጥ ክብ ሆኖ ታትሟል። ከአንዱ ሐዲድ ጥግ ደግሞ፣ በጨዉ መሐል፣ የደረቀ የኮኮናት ወተት ነጠብጣብ ነበር። ፋላኒኮ በጥፍሩ ፋቀው። ቅባቱ ያረፈበት ብረት እንደ አዲስ ያበራል። ሴትዮዋ ያለቀሱለት ያ ወተት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሐዲድ ደህና የቀረው እሱ የነካው ብቻ ነው።

የወንበሩ ሞተር በጨው ተቃጥላለች። የጎኑ ወንበር አምሳያዋን ይዟል፤ ከዚያ ነቅሎ ለእማማ ሱላሚ ገጠመ። ከእንግዲህ የመጋቢው ወንበር ባለበት ይቀራል። ሐዲዱን ፋቀ፣ ግራሶ ቀባ፣ ሽቦውን ቀየረ። ምንጣፉ ግን በምንም አይድንም፤ ቆርጦ አወጣውና በመጠለያው ደጃፍ ጣለው። ባትሪውን መልሶ አዝራሩን ሲነካ፣ ወንበሩ ያለ ምንም ማንገራገር እስከ መሪው ድረስ ሄደ። በዕድሜው እንደዚያ ያላስደሰተው ሥራ የለም።

ቫይቶዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየዋለች። የእማማ ሱላሚን ቃል ከቤት ሆና ሰምታለች፤ እስኪናገር ይህን ሁሉ ሳምንት ስትጠብቀው ነበር።

«ነገ ያ ሰሌን ሲዘረጋ እኔም እዚያ እቀመጣለሁ» አለችው። «ዓይኔን የት አሳርፋለሁ?»

«ማልጄ ኢፎንጋ እወጣለሁ» አላት።

ኢፎንጋ የደም ነገር ነው። ሰው የገደለ ወገን በስስ ሰሌን ተሸፍኖ ከተበዳይ ደጅ ይቀመጣል። ተበዳዩ ወጥቶ በገዛ እጁ ሰሌኑን እስኪገልጥለት አይነሣም፤ ካልገለጠለትም እዚያው ነው። ለመኪና ወንበር ኢፎንጋ የወጣ ሰው ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም።

«ሰው ገደልክ እንዴ?» አለችው።

«ነጠላ ጫማውን አይተሽዋል።»

ቫይቶዋ «በምን ልትሸፈን? ሰሌኖቻችንን ሁሉ አክስትህ ይዛቸው ሄዳለች» አለች። ጎረቤት ቢጠይቁ ምክንያቱን ሳይሰማ የሚያውስ የለም። ሁለቱም ዓይናቸው ደጃፉ ላይ ከወደቀው ምንጣፍ ላይ አረፈ። ሽታው እነሱ ጋ ደርሷል።

«እሱማ ይገባሃል» አለች ቫይቶዋ።

ገና ሲነጋጋ መኪናዋን ነድቶ መጋቢው ደጅ አቆማት፤ ሣሩ ላይ እግሮቹን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ምንጣፉን ራሱ ላይ ደፋው። ውስጡ ይጨልማል፤ ጨዉ ዓይንን ያቃጥላል። ጤዛው በሽርጡ ዘለቀ። መንገድ ላይ የሰው ኮቴ ሰማ፤ ኮቴው ቆመ፤ ቆይቶ ቀስ ብሎ ሄደ። እስከ ቁርስ ድረስ መንደሩ ሁሉ እንደሚሰማ አወቀ። የፈራው ያን ነበር። አሁን ግን ከሱ የበለጠ የፈራው እማማ ሱላሚ ወጥተው «አንተ ነህ?» የሚሉበትን ድምፅ ነው።

ቀድሞ የተከፈተው በር ግን የመጋቢው ነበር። የምርኩዛቸው ድምፅ ጠጠሩን አቋርጦ መጣና አጠገቡ ቆመ።

«ፋላኒኮ።»

«አቤት መጋቢ።»

«በምንድነው የተሸፈንከው?»

«በመኪናዋ ምንጣፍ።»

ሽማግሌው በምርኩዛቸው የምንጣፉን ጫፍ ነካ አደረጉት። ከዚያ «ፈቀቅ በልልኝ» አሉት።

ያልሰማ መሰለው። መጋቢው ግን ምርኩዛቸውን አጋድመው፣ ትከሻውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ የምንጣፉን ጫፍ በዳበሳ አግኝተው ራሳቸው ላይ ሳቡ። መጋቢ ኢፎንጋ አይወጣም። እሱ መንደሩ ከእግዚአብሔር ጋር የገባው ቃል ኪዳን ነው፤ መንደሩ ለሱ ዝቅ ይላል እንጂ እሱ ለማንም አይሸፈንም። ፋላኒኮ ለመነሣት ሞከረ፤ ክንዱን ያዙት።

«ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ አፍንጫዬ አልጠፋም» አሉት በዝግታ። «የመጀመሪያው ሰኞ ነው የሸተተኝ። ምን እንደሆነም፣ ወዴት እንደሄድክበትም አውቄያለሁ፤ አክስትህን እኔም አልቅሼላታለሁ። ጥፋተኛ በራሱ እግር ይምጣ ብዬ ዝም አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ትልቅ እረኛ የሆንኩ መስሎኝ።»

ፋላኒኮ በጨለማው ውስጥ አንገቱን ደፋ።

«እሷ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች» አሉ መጋቢው። «የተኛሁ እየመሰላት፣ ስለ ደፋችው ወተት እየጸለየች ነው የምታለቅሰው። እኔ በጎኗ ተኝቼ እሰማለሁ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ። አንተ ስታስለቅሳት ሳታውቅ ነው የጀመርከው። እኔ እያወቅሁ ነው።»

የቤቱ በር እንደገና ተከፈተ። እማማ ሱላሚ የሆስፒታሉን ዘንቢል በአንድ እጃቸው፣ ተጠቅልሎ የታሰረውን የእናታቸውን ሰሌን በሌላው ይዘው ወጡ። ከምንጣፉ ስር አራት እግር ብቅ ብሏል፤ ሁለቱ ትልልቅና ባዶ፣ ሁለቱ ለሆስፒታል የተዘጋጀ ካልሲ ያደረጉ። ደረጃው ላይ ቆሙ።

ፋላኒኮ ከምንጣፉ ስር ሆኖ ተናገረ። ስለ መኪናዋ መወሰድ፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ቧንቧው ውሃ፣ ከኦክላንድ ስለማይመጣው ዕቃ፣ ስለ ጫማው ተናገረ። መጋቢውም የሳቸውን ተናገሩ። የሳቸው አጭር ነበር።

«ወተቱስ?» አሉ እማማ ሱላሚ።

«ወተቱ የነካው ብረት ብቻ ነው ያልዛገው፣ እማማ።»

ከዚያ ኮቴያቸው ወደ ፋላኒኮ ጎን መጣ፤ ምንጣፉ ከራሱ ላይ ተነሣ፤ የማለዳ ብርሃን ዓይኑን ወጋው። እማማ ሱላሚ አጎንብሰው ያዩታል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ተነሥ» አሉት። «ጤዛው ያምሃል። ወጥ ቤት ሻይ አለ።»

ተነሣ። ተገልጦለታል፤ በእኛ ሕግ ከዚህ በኋላ ነገሩ ዳግመኛ አይነሣም። እሱ ግን አልቀለለውም። አጠገቡ የነበረው ጉብታ ገና እንደተሸፈነ ነው። እማማ ሱላሚ ከሱ ላይ ያነሡትን ጫፍ ለትንሽ ጊዜ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ከዚያ በባላቸው ትከሻ ዙሪያ መልሰው አለበሷቸው፤ ብርድ እንዳይገባቸው እንደሚደረገው፣ በደንብ ጠቀጠቁት። ሄደው መኪናዋ ውስጥ ገቡና ሰሌናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሩን ዘጉ።

የወንበሩ ድምፅ ተሰማ። ወደፊት ሄደ፣ እስከ መሪው። ቆመ። ወደኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ወደፊት ሄደ። የመኪናዋ ሞተር ግን አልተነሣም። በመስኮቱ ነጩ ባርኔጣ ብቻ ይታያል።

«ሱላሚ» አሉ መጋቢው ከምንጣፉ ስር። «ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ፋላኒኮ ሁለቱን እያየ መሐል ላይ ቆመ። ሽማግሌው የሱ ጥፋት በጎተተው ጥፋት፣ እሱ ባቦካው ምንጣፍ ተሸፍነው፣ በባዶ ሜዳ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አላስቻለውም። ጎንበስ ብሎ የምንጣፉን ጫፍ ያዘ።

የመኪናዋ መስኮት ወረደ።

«ተወው፣ ልጄ» አሉት እማማ ሱላሚ። «እሳቸውን የምገልጣቸው እኔ ነኝ።»

ፋላኒኮ እጁን መለሰ። የመኪናዋ በር ወዲያው አልተከፈተም።